ከንብ ሆድ እስከ እርጎ ቅል፦ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን የሚመክቱ ባክቴሪያዎች

ከሮቤ ተነሥቶ በጎባ በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ የሳኔቲን አምባ ካቋረጠ በኋላ ብርዱን ከኋላው ትቶ ሐረና ደን ውስጥ ይገባል። በረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ ባህላዊ ቀፎዎች ተሰቅለዋል፤ ንብ አናቢዎቹ በገመድ እየወጡ ማሩን ያወርዳሉ። ከአምባው ወዲህ፣ በሲናናና በአጋርፋ የስንዴ አገር፣ ላም ያለው ቤት ወተቱን በታጠነ ዕቃ አርግቶ እርጎ ይጠጣል፣ ቅቤም ያወጣል። ማሩም እርጎውም ለባሌ ሰው አዲስ ነገር አይደሉም። አዲሱ ነገር የተመራማሪዎች ዓይን በውስጣቸው በሚኖሩት ባክቴሪያዎች ላይ ማረፉ ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ከንብ ሆድ፣ ከላም ወተት፣ ከዶሮ አንጀት የሚገኙ ናቸው። ጤነኛ እንስሳ ይዟቸው ይኖራል፤ በሽታ አምጪ ጀርም ሲመጣም ቦታ ይነፍጉታል። ሕያው ሆነው በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና የሚጠቅሙ ተሕዋስያን «ፕሮባዮቲክ» ይባላሉ፤ ይህን ፍቺ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጠሯቸው ባለሙያዎች በ2001 አስቀምጠውታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መድኃኒት የማይበግራቸው ጀርሞች በየሆስፒታሉ በበዙበት በዚህ ዘመን፣ እነዚህ ባክቴሪያዎች ምን ያህል ሊያግዙ ይችላሉ?

ጀርሞቹ እንዴት ተላመዱ?

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ስለ ፔኒሲሊን ግኝቱ በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባሰማው ንግግር፣ መድኃኒቱን ከመጠኑ አሳንሶ መውሰድ ጀርሞቹን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር። የፈራው አልቀረም። አንዳንድ ባክቴሪያ ሁኔታው ከተመቸው በሃያ ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ከሚሊዮኖቹ መካከል በአጋጣሚ ዘረ መሉ የተለወጠ አንድ ቢገኝ፣ መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲጨርስለት እሱ ብቻውን ተርፎ ይራባል። አንዳንዱ ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመርታል፤ አንዳንዱ የገባበትን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሌላው ደግሞ መድኃኒቱ የሚያነጣጥርበትን የአካሉን ክፍል ይለውጣል። የከፋው ነገር ይህን ችሎታ የያዘውን ዘረ መል ዝምድና ለሌለው ባክቴሪያ ሳይቀር ማቀበል መቻላቸው ነው።

«ላንሴት» የተሰኘው የሕክምና መጽሔት በ2022 ያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት ሆነዋል፤ በ4.95 ሚሊዮን ሞት ውስጥ ደግሞ እጃቸው ነበረበት። ከዚሁ ጥናት በተወሰደው የየአገሩ ግምት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በዚያ ዓመት በቀጥታ የሞቱት ወደ 21 ሺህ፣ በተዛማጅነት የሞቱት ወደ 85 ሺህ ይጠጋሉ።

ባሌም ከዚህ ውጭ አይደለችም። በጎባና በሲናና ወረዳዎች በሚገኙ ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ የተሠራና በ2018 የታተመ ጥናት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያስከትሉት ባክቴሪያዎች የትኞቹ እንደሆኑና የትኞቹ መድኃኒቶች እንደሚሠሩባቸው መርምሯል። እንዲህ ያለ ጥናት ቀላል ነገር አይደለም። ጀርሙን አሳድጎ መድኃኒቱን የሚፈትን ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ ባለሙያው የሚያዝዘው በልምድና በግምት ነው፤ የአካባቢው ጀርም ምን እንደተላመደ ካልታወቀ ግምቱም ይስታል።

የችግሩ ሌላ ገጽታ ያለው ደግሞ በረት ውስጥ ነው። በ2019 በወጣ ስሌት መሠረት በዓለም ከሚሸጡት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች 73 በመቶ ያህሉ የሚውሉት ለምግብ በሚረቡ እንስሳት ላይ ነው። ይህ ምን እንደሚያስከትል የታየው በ2015 ነው። የቻይና ተመራማሪዎች ኮሊስቲን የተባለውን መድኃኒት የሚያከሽፍ ዘረ መል በአሳማዎች፣ በሥጋና በሆስፒታል ሕሙማን ላይ አገኙ። ኮሊስቲን ሌላው ሁሉ ሲያቅት ሐኪሞች የሚያወጡት የመጨረሻ መድኃኒት ነው፤ አርቢዎች ግን እንስሳት ቶሎ እንዲፋፉ ከመኖ ጋር ይቀላቅሉት ነበር። ቻይና ከ2017 ጀምሮ ይህን ከልክላለች።

በኢትዮጵያ በእንስሳት ሕክምና በብዛት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። መርፌውን የተወጋች ላም ወተቷ ለተወሰኑ ቀናት ለሽያጭም ለመጠጥም መዋል የለበትም። መድኃኒቱ ወተቱ ውስጥ ከቀረ እርጎ የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች ስለሚገታ ወተቱ አልረጋ ሊል ይችላል።

ጫጩቶቹ ያሳዩት መንገድ

ከእንስሳ የተገኘ ባክቴሪያ በሽታን መከላከል እንደሚችል በግልጽ ካሳዩት ሙከራዎች አንዱ የተካሄደው በዶሮ ላይ ነው። በ1971 ፊንላንድ ውስጥ ሳልሞኔላ ኢንፋንቲስ የተባለ ጀርም የሥጋ ዶሮ እርባታዎችን አዳረሰ። ኤስኮ ኑርሚ የተባሉት የፊንላንድ ተመራማሪ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ለጀርሙ የሚጋለጡት በተለይ በማሽን የተፈለፈሉት የአንድ ቀን ጫጩቶች ናቸው። እነዚህ ጫጩቶች እናታቸውን አያውቋትም፤ ከእሷ ኩስና ከጎጆዋ ሊያገኙት የሚገባውን የአንጀት ባክቴሪያም ሳያገኙ ባዶ አንጀት ይዘው ወደ እርባታ ይገባሉ።

ኑርሚና ራንታላ የተባሉት ባልደረባቸው ከጤነኛ ትልልቅ ዶሮዎች አንጀት የተወሰደ ይዘት ለጫጩቶቹ ሰጧቸው። ጫጩቶቹ ከዚያ በኋላ ሳልሞኔላ ሲሰጣቸው አብዛኞቹ ተቋቋሙት። ውጤቱ በ1973 «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ታተመ፤ ዘዴውም እስከ ዛሬ የኑርሚ ዘዴ ይባላል። ውሎ አድሮ ከዶሮ አንጀት የተገኙ ባክቴሪያዎችን የያዙ ምርቶች ተዘጋጅተው ለእርባታዎች መሸጥ ጀመሩ።

ለምን ሠራ? ስንዴ ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት የሲናና ማሳ ላይ አረም ብርሃንም ምግብም አጥቶ እንደሚቀጭጭ፣ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አስቀድመው በያዙት አንጀት ውስጥም ሳልሞኔላ የሚጣበቅበት ግድግዳና የሚመገበው ነገር ያጣል። የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነው። ሁለተኛው አሲድ ነው፤ ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች አካባቢያቸውን ያኮመጥጡታል፣ ብዙ በሽታ አምጪዎችም ኮምጣጣ ነገር አይወዱም። ሦስተኛው ባክቴሪዮሲን የሚባሉ፣ ተቀናቃኝ ባክቴሪያን የሚገድሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። አራተኛው ከአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ጋር በሚለዋወጡት ኬሚካላዊ መልእክት አማካይነት የሰውነትን የመከላከል አቅም ማንቃት ነው።

አንድ አንቲባዮቲክ ብዙውን ጊዜ የሚመታው አንድ ዒላማ ነው፤ ጀርሙ ያችን አንድ ነገር ከለወጠ ያመልጣል። በአራት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ከሚመጣ ጫና ማምለጥ ግን ይከብዳል። ተመራማሪዎች በፕሮባዮቲክ ላይ ተስፋ የጣሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እንስሳትን ለማፋፋት አንቲባዮቲክን ከመኖ ጋር መቀላቀልን ከ2006 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሲከለክል፣ አርቢዎች ክፍተቱን ለመሙላት ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ፕሮባዮቲክ ነበር። በኢትዮጵያም የአንድ ቀን ጫጩት እየገዛ የሚያረባው ሰው ቁጥር እያደገ ነው። የኑርሚ ትምህርት ለነዚህ አርቢዎች ቅርብ ነው፤ ጫጩቱ ሳይታመም መከላከል ከታመመ በኋላ ውኃው ላይ መድኃኒት ከመበጥበጥ ይሻላል።

ማሩን ማር ያደረጉት

ንብ የአበባውን ወለላ ወደ ቀፎዋ የምትወስደው ከሆዷ ፊት ባለ ልዩ ከረጢት ውስጥ ይዛ ነው። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቶቢያስ ኦሎፍሶንና አሌሃንድራ ቫስኬዝ ይህ ከረጢት ባዶ አለመሆኑን አሳዩ። በውስጡ 13 ዓይነት ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች አገኙ፤ 9ኙ ከላክቶባሲለስ፣ 4ቱ ከቢፊዶባክቴሪየም ወገን ናቸው። ንቦች እነዚህን ባክቴሪያዎች እርስ በርስ እየተቀባበሉ ይኖራሉ። ገና ከቀፎ የወጣ ማር ውስጥ በሕይወት ይገኛሉ፤ ሰንብቶና ተጣርቶ ሱቅ በተደረደረው ማር ውስጥ ግን አይገኙም።

ቡድኑ በ2014 ባወጣው ጥናት 13ቱን ባክቴሪያዎች በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ከአስቸጋሪ የቁስል ጀርሞች ጋር አገናኛቸው። ከነዚህ መካከል ሜቲሲሊን የተባለውን መድኃኒት የተላመደው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ እና ቫንኮማይሲንን የተላመደው ኢንትሮኮከስ ይገኙበታል። ሦስቱም ሐኪሞችን የሚያስጨንቁ ጀርሞች ናቸው፤ የንቧ ባክቴሪያዎችም እድገታቸውን ገቱ። ተመራማሪዎቹ በዚህ ብቻ አላበቁም፤ ባክቴሪያዎቹን ከማር ጋር ቀላቅለው ለረጅም ጊዜ አልድን ያለ ቁስል በነበራቸው 10 ፈረሶች ላይ ሞከሩ፤ የሁሉም ቁስል እንደተሻለው አስታወቁ።

ፈረስ ለባሌ ሰው የቅርብ ወዳጅ ነው። በደጋው ሰውም ዕቃም በፈረስ ይጓጓዛል፤ በኮርቻና በጭነት የሚቆስል ጀርባም የተለመደ ነው። ይሁንና 10 ፈረሶች ጥቂት ናቸው፤ ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ምልክት ነው እንጂ የተረጋገጠ ሕክምና አይባልም።

በኢትዮጵያ ማር ላይ የተሠራ ሥራም አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ባሳተሙት ጥናት የተለመደችውን ንብ ነጭና ቢጫ ማር ከማትናደፈው ንብ፣ ማለትም ከጣዝማ ማር ጋር አወዳደሩ። ማሮቹን በግማሽ አቅጥነው ኢ. ኮላይ፣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስና ክሌብሲዬላ በተዘሩባቸው ሳህኖች ላይ አደረጉ፤ መድኃኒት የተላመዱ ዝርያዎችም ነበሩበት። በማሩ ዙሪያ ጀርም ያልበቀለበት ክብ ስፋት ሲለካ ጣዝማ በአማካይ ወደ 22 ሚሊሜትር፣ ነጩ ማር 21፣ ቢጫው 18 ሚሊሜትር አስመዘገቡ። ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣውና ለሳል፣ ለሆድና ለቁስል መድኃኒትነት የሚፈለገው ጣዝማ ማር ስሙን ያለ ምክንያት አላገኘም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ማር ጀርምን የሚገታው በባክቴሪያዎቹ ብቻ አይደለም። ስኳሩ ውኃን ይመጥጣል፤ ኮምጣጣነቱ ጀርምን ይጎዳል፤ ንቧ የምትጨምረው ኢንዛይም ደግሞ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። የጎንደሩ ጥናት የፈተነው ማሩን ነው፤ የሉንዱ ጥናት የፈተነው ባክቴሪያዎቹን ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚ ማር አምራች ሆና፣ ቡና፣ ብሳናና ግራዋ የሚቀስሙት የሐረና ንቦች በከረጢታቸው የያዟቸው ባክቴሪያዎች የትኞቹ እንደሆኑ ዝርዝራቸው ቢወጣ ለሳይንሱም ለንብ አናቢውም ይጠቅማል። አብዛኛው ማር ለጠጅ መጣያ በሚውልበት አገር፣ ለሕክምና የሚሆን ማርና ባክቴሪያ አዲስ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል።

በቅሉ ውስጥ ያለው ሠራዊት

እርጎ ላይ የተጻፈው ሳይንስ ከማሩ ይቀድማል። በያኔው የሩሲያ ግዛት፣ በዛሬዋ ዩክሬን የተወለደውና በፓሪስ የፓስተር ተቋም የሠራው ኢሊያ ሜችኒኮፍ፣ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ የሚረዝመው እርጎ ስለሚያዘወትሩ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን በዚህ ሳይሆን ስለ ሰውነት የመከላከል አቅም ባደረገው ምርምር ነው። የዕድሜው ነገር አልተረጋገጠም፤ ሆኖም በእርጎ ባክቴሪያ ላይ የሚደረገው ጥናት ከዚያ ወዲህ አልቆመም።

በ1928 የአሜሪካ ተመራማሪዎች አንዳንድ የወተት ባክቴሪያዎች ሌሎቹን እንደሚያግዱ ተመለከቱ። አጋጁ ነገር በኋላ ኒሲን ተባለ። ላክቶኮከስ ላክቲስ የተባለው የወተት ባክቴሪያ የሚያመርተው ይህ ባክቴሪዮሲን ዛሬ በብዙ አገሮች አይብና የታሸገ ምግብ እንዳይበላሽ ይጨመራል። ኒሲን የባክቴሪያውን ግድግዳ መሥሪያ ሞለኪውል ይዞ ሽፋኑን ይበሳዋል።

በኢትዮጵያ በዚህ መስክ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ናቸው። እርጎ፣ አይብ፣ እርሾ፣ ጠጅና ሌሎች የአገር ምግቦችና መጠጦች ውስጥ ምን ባክቴሪያ እንዳለ ለአሥርተ ዓመታት ያጠኑ ናቸው። በ1994 ባሳተሙት ሥራ ሊስቴሪያ የተባለው አደገኛ ጀርም ወተቱ እየረጋ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ተከታተሉ። በ1996 ደግሞ ዕቃውን ማጠንና የሙቀት መጠን በእርጎ ባክቴሪያዎች ላይ የሚያመጡትን ለውጥ መረመሩ። እናቶች ቅሉን በወይራ ጭስ የሚያጥኑት ለመዓዛው ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ራሱ ባክቴሪያን የሚነኩ ኬሚካሎች አሉት። በቦረና ለሳምንታት እየተጠራቀመ የሚሠራው ኢቲቱ የተባለው የረጋ ወተትም ከ1991 ጀምሮ በጥናት ተጽፏል።

የፕሮባዮቲክ ምርመራ ምን እንደሚመስል በ2019 የታተመው የጉዕሽ ሙላው፣ የተስፋዬ ሲሳይ ተሰማ፣ የድሪባ ሙለታና የአንተነህ ተስፋዬ ሥራ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ከእርጎ፣ ከቆጮና ከጤፍ ቡኮ 90 የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ናሙናዎችን ለዩ። የሆድ አሲድን ያህል ኮምጣጣ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ለሰዓታት አቆዩአቸው። በደንብ የተቋቋሙት 4 ብቻ ነበሩ። እነዚህ አራቱ ቀጥለው የሐሞት ጨውን መቻላቸው፣ ሳልሞኔላን፣ ሊስቴሪያን፣ ኢ. ኮላይንና ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን ማገዳቸው፣ እነሱ ራሳቸው ለየትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚበገሩ ተፈተነ።

ከ90 አራት። ቁጥሩ የሚናገረው ነገር አለ፤ እርጎ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሁሉ ፕሮባዮቲክ አይደለም። ብዙዎቹ ወተቱን ያኮመጥጡና ሆድ ሲገቡ ይሞታሉ።

ከሳህን እስከ ሕሙማን አልጋ

በሳህን ላይ ጀርምን ማገድ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ በሰው ላይ መሥራቱ የሚታወቀው በሰው ላይ ሲፈተን ነው። ከተፈተኑት መካከል ትልቁን ተስፋ የሰጠው የሕንዱ ነው። በኦዲሻ ግዛት ገጠር 4,556 አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ግማሾቹ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የተባለ ባክቴሪያ ምግቡ ከሚሆን የስኳር ዓይነት ጋር ለአንድ ሳምንት፣ ግማሾቹ ባክቴሪያ የሌለበት ማስመሰያ ተሰጣቸው። በ2017 በወጣው ውጤት፣ በደም መመረዝ የታመሙ ወይም የሞቱ ሕፃናት ድርሻ ከ9 በመቶ ወደ 5.4 በመቶ ወረደ። ኢንፌክሽኑ ካልመጣ አንቲባዮቲኩም አያስፈልግም፤ ፕሮባዮቲክ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን የሚዋጋበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

ሌላው ምሳሌ ከታይላንድ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት በገጠር የሚኖሩ 200 ጤነኛ ሰዎችን ሲመረምር፣ ባሲለስ የተባለው ባክቴሪያ አንጀታቸው ውስጥ ያለባቸው ሰዎች አንዳቸውም ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ እንደሌለባቸው ታየ። ባሲለሱ ጀርሙን አይገድለውም፤ ጀርሞቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ኬሚካላዊ ምልክት ይዘጋባቸዋል። በ2023 በወጣው የሰው ሙከራ ባክቴሪያውን ለ30 ቀናት የወሰዱ ሰዎች በሰገራቸው የነበረው የስታፊሎኮከስ መጠን በ96.8 በመቶ ቀነሰ፤ በአንጀታቸው የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎችም አልተናጉም። ይህ ባክቴሪያ ከንብ ሆድ ወይም ከዶሮ አንጀት የተገኘ አይደለም፤ የሠራበት መንገድ ግን ለእንስሳቱም ጥናት በር ሊከፍት ይችላል።

የማያስደስተውም ውጤት መነገር አለበት። በ2018 የእስራኤል ተመራማሪዎች አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ ፕሮባዮቲክ የተሰጣቸው ሰዎች የራሳቸው የአንጀት ባክቴሪያ ተመልሶ እስኪቋቋም ምንም ካልወሰዱት ይልቅ እንደዘገየባቸው አሳይተዋል። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ፕሮባዮቲክ እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ፤ አንድ ሕፃን የወሰደው ያው ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ገብቶ ሞቷል። አቅሙ ለደከመ ሰው ጠቃሚው ባክቴሪያም ሊከፋ ይችላል።

ከእንስሳ በሚገኙ ባክቴሪያዎች ላይ አንድ ተጨማሪ ስጋት አለ። አንቲባዮቲክ ሲወጋ ከኖረ ከብት ወይም ዶሮ የተወሰደ ባክቴሪያ ራሱ መድኃኒት የሚያከሽፍ ዘረ መል ይዞ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ ለሰው ማጠጣት ችግሩን ከበረት ወደ ቤት ማስገባት ነው። ስለዚህ የባክቴሪያው ዘረ መል ሳይነበብ ምርት አይሆንም። የዝርያው ስም አንድ መሆኑም ዋስትና አይደለም። የኦዲሻ ሕፃናት የወሰዱት ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ዝርያው በኢትዮጵያ ቡኮና ወተት ውስጥም ይኖራል፤ ሕፃናቱን የጠቀመው ግን ተለይቶ የተፈተነው አንዱ ዘር ብቻ ነው።

ከባሌ የሚጠበቀው

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተወራው ስለ ቀይ ቀበሮው፣ ስለ ኒያላውና ስለ ደኑ ነበር። በንቧ ከረጢትና በእርጎው ቅል ውስጥ ያለው ሀብት በዓይን ስለማይታይ ከዝርዝሩ ውጭ ቀርቷል። ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ ጎባ ላይ ሪፈራል ሆስፒታሉ፣ ሲናና ላይ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ተቀራርበው ይገኛሉ። በአንድ ወገን የሕሙማኑ ጀርሞች፣ በሌላ ወገን ቀፎውና በረቱ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ያሉበት እንዲህ ያለ አካባቢ ብዙ አይደለም። ከሆስፒታሉ የሚለዩ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን ከሐረና ንቦችና ከደጋው እርጎ ባክቴሪያዎች ጋር በአንድ ሳህን ላይ ማገናኘት ለዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ከአቅም በላይ አይደለም። የሚገኙት ባክቴሪያዎች በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የተሕዋስያን ክምችት ውስጥ ገብተው ቢቀመጡ ደግሞ፣ ነገ ከነሱ የሚሠራ ምርት የአገሩንና የአርሶ አደሩን ጥቅም ያስጠብቃል። መጀመር የሚገባውም ከእንስሳው ነው፤ ከጫጩቱ፣ ከጥጃው፣ ከቆሰለው ፈረስ። እዚያ ማስረጃው ይበረታል፣ ፈተናው ይቀላል፤ ለእንስሳ የሚወጋው አንቲባዮቲክ በቀነሰ ቁጥርም ለሰው የሚተርፈው መድኃኒት ኃይሉን ይዞ ይቆያል።

ምርምሩ እስኪደርስ አንባቢው ቤቱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። ያልተፈላ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ቲቢን ያስተላልፋል፤ መርጋቱ ብቻውን እነዚህን አያስወግድም። ወተቱን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከደህና እርጎ በተወሰደ እርሾ ማርጋት ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይመልሳል፣ ጎጂዎቹን ያስቀራል። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል። ሲያመረቅዝ የሰነበተ ቁስል በማርም ሆነ ተፈልቅቆ በሚነሰነስ የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ዱቄት አይታከምም፤ ሐኪም ይየው። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይገዛ፤ የታዘዘው በታዘዘው መጠንና ቀን ይወሰድ፤ የተረፈውም ለጎረቤት አይሰጥ። መርፌ የተወጋች ላም ወተትም የእንስሳት ሐኪሙ የነገረው ቀን ሳይሞላ ገበያ አይውጣ።